ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ ከመምህርነት እስከ ሕዝብ እንደራሴነት

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣቸው በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ፓርላማ የገቡትን የመጀመሪያዋን ሴት፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ነው። ዓመቶቹን እዚህ አገር እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

የወይዘሮ ስንዱን መንገድ ለመረዳት ከአባታቸው መነሣት ያስፈልጋል። ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው በሚሲዮናውያን እጅ አድገው፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ ኋላም ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሚሲዮን ሲባል ከእኛ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ የዚያን ጨዋታ ለሌላ ቀን እናቆየው። ዐፄ ምኒልክ የጎንደር ከንቲባ አደረጓቸው። በ1931 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲታወጅም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆኑ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሾሟቸው እንጂ ሕዝብ አልመረጣቸውም። የታችኛውን ምክር ቤት አባላትም ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና ያገሩ ሹማምንት ነበሩ። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ የሚጠይቀው አልነበረም። የሴትማ ነገር ጨርሶ አልተነሣም።

ስንዱ በ1916 ተወለዱ። ከታናሽ እህታቸው ከየውብዳር ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። እውነቱን እንናገር፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዕድል የሚያገኘው የባለሥልጣን ልጅ ብቻ ነው። ስንዱ ከድሃ ቤት አልወጡም። በ1933 ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያን ወክለው የታወቁትን አቶ ሎሬንሶ ታእዛዝን አግብተው ነበር፤ ትዳሩ ግን አልቆየም።

ጣሊያን አዲስ አበባን በ1936 ሲይዝ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ ሄዱ። በጎሬ በኩል የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ጥቁር አንበሳ የሚባል የአርበኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር። ስንዱ ከእነሱ ጋር ተሰለፉ፤ ቁስለኛ የሚረዳ የቀይ መስቀል ቡድን በማቋቋምም ሠሩ። የጥቁር አንበሳ ጦር በዓመቱ መጨረሻ ተበተነ፣ እሳቸውም በጠላት እጅ ወደቁ። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ የተማረውን ሁሉ ማደን ያዙ። ከገብሩ ቤተሰብ ሦስት ሰዎች ተገደሉ። የቀሩት ተጭነው በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አሲናራ ደሴት ተጋዙ። ስንዱ ያኔ ገና የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ።

ከግዞት መልስና ከነጻነት በኋላ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ተመለሱ። ደሴ ላይ ትምህርት ቤት መሩ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። የአዳሪ ትምህርት ቤት ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ምግቡ፣ አልጋው፣ የታመመችው፣ ከወላጅ ጋር የሚደረገው ክርክር፣ ልጄን ልዳራት ነው ብሎ የሚመጣው አባት፣ ሁሉም ከዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በዚህ መካከል ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር። የልቤ መጽሐፍ የተባለውንም ሥራቸውን አሳተሙ።

በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንዲመርጥ ተፈቀደ። ተወዳዳሪው ግን ሃያ አምስት ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ወረዳው የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ይህች ንብረት የምትለዋ ቃል ድሃውን በሙሉ፣ ሴቶችንም በብዛት ከደጅ ታስቀር ነበር። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። እኛ እዚህ ቃልፒ ገብተን የፓርቲ ፊደል ያለበትን ፔቴክ ነው የምናነሣው፤ እዚያ ግን ሰው የሚመረጠው በራሱ ስም፣ በራሱ ዝና ነበር። የሚደግፈው ድርጅትም የሚያዘው መሪም የለውም።

በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያ ዓመት እዚህ እስራኤል ጎልዳ ሜየር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሴት እንደራሴ ታይታ አትታወቅም። የአባታቸው ስም ረድቷቸዋል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም አልክድም። ሆኖም የከንቲባ ልጅ ብዙ ነበር፣ በምርጫ የገባች ሴት ግን እሳቸው ነበሩ። በእኔ ግምት ድምፁን ያመጣላቸው ከአባት ስም ይልቅ በየቤቱ የገባው የአስተማሪነት ስማቸው ነው።

ምክር ቤቱ 210 መቀመጫ ነበረው። ሥልጣኑ ጠባብ ነበር፤ ሚኒስትሮቹ ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነው፣ የላይኛው ምክር ቤትም እንደ አባታቸው ዘመን በሹመት እንደሞላ ነበር። ያም ቢሆን ወይዘሮ ስንዱ በወንዶች መካከል ተቀምጠው ተከራከሩ፣ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ። ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን የሚደነግገው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በዚያው የምክር ቤት ዘመን፣ በ1960 ነው።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገለገሉ፤ በ1960ዎቹም በቦን፣ በምዕራብ ጀርመን፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ሠሩ። በሚያዝያ 2009 በዘጠና ሦስት ዓመታቸው አረፉ። እኛ ወገን ወደ ክኔሴት የገባው በ1996 በአዲሱ መሰለ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ፣ የተመረጠችው በ2013 ነበር።

ያቺ አብራቸው ስዊዘርላንድ የሄደችው፣ አብራቸው አሲናራ የታሰረችው ታናሽ እህት የውብዳርስ? ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። መንኩሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ተባሉ። ፒያኖ የሚጫወቱት እማሆይ ናቸው፤ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ባለው ገዳም ለብዙ ዓመታት ኖረው በመጋቢት 2023 እዚሁ አረፉ።