ሹመት ያለፈው የሕግ መምህር፦ ዶክተር ዐብዱረዛቅ አስሰንሁሪ

ዶክተር ዐብዱረዛቅ አስሰንሁሪ እ.ኤ.አ. በ1895 በግብጿ የወደብ ከተማ በእስክንድርያ ተወለዱ። አባታቸውን ገና በልጅነታቸው ቢያጡም በትምህርታቸው ገፍተው በ1917 ከካይሮ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ። ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በሊዮን ከተማ በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ስለ ኺላፋ ያቀረቡት ጥናትም በዚያው የተጻፈ ነው። በ1926 ወደ አገራቸው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማስተማር ጀመሩ።

በ1935 ወደ ባግዳድ ተጉዘው የሕግ ኮሌጁን በዲንነት መሩ። በቀጣዩ ዓመትም የካይሮው የሕግ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ከአውሮፓ በተቀዳ ሕግ የሚዳኝ ሕዝብ የሸሪዓ ቅርሱን ከዘመኑ ጋር እንዴት ያስማማል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ያሳስባቸው ነበር። ምላሻቸው በ1949 ሥራ ላይ በዋለው፣ እርሳቸው በዋናነት ባረቀቁት የግብፅ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታየ። ዳኛው በሕጉ አንቀጾችም ሆነ በልማድ መፍትሔ ሲያጣ ወደ ሸሪዓ መርሖች እንዲመለስ ተደነገገ። በ1951 የወጣው የኢራቅ ሕግም በአብዛኛው የእርሳቸው ድካም ፍሬ ሲሆን፣ ከፊቅህ ይበልጥ የቀዳ ነው።

በ1949 የአስተዳደር ክርክሮችን የሚዳኘውን መጅሊስ አድደውላ በፕሬዚዳንትነት ተረከቡ። ሆኖም በማርች 1954 ሰልፈኞች ተቋሙን ጥሰው ገብተው ደበደቧቸው፤ በዚያው ዓመት ሹመታቸውን አጡ። ብዕራቸውን ግን አላስቀመጡም። በ1952 ማሳተም የጀመሩትን «አልወሲጥ» የተሰኘ ሰፊ የሕግ ማብራሪያ በ1970 አጠናቀቁ፤ በ1971 አረፉ። ሹመቱ ቢያልፍም መምህርነታቸው አልተቋረጠም፤ በዓረቡ ዓለም የሕግ ተማሪውም ዳኛውም ዛሬም አልወሲጥን ይገልጣል።