ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የልማት ጥያቄ ቀዳሚ ሊቅ

በቂርቆስ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። የኢኮኖሚ ኮሚሽኑ መቀመጫ በሆነችው በዚህችው ከተማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ለልማት የሚሆነው ገንዘብ ከወዴት ይምጣ ሲሉ ተወያይተዋል። ሀብታም አገሮች ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.7 በመቶውን ለእርዳታ እንዲያውሉ በ1963 ዓ.ም. የወጣው ግብም እንደገና ጸድቋል፤ የሚያሟሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ሆኖም ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ስሟን ከማግኘቷ አስቀድሞ፣ የዚህን ክርክር ሥር የመረመረ ኢትዮጵያዊ ነበረ።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ብላቴናው በምፅዋ አጠገብ በስዊድን ሚሲዮን ፊደል ከቆጠሩ በኋላ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያ አደጉ፤ በበርሊንም ሕክምና አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ዐፄ ምኒልክን በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ ለስደት ቢዳረጉም ዳግመኛ ተመልሰው በመጀመሪያ በምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪነት፣ ኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹምነት ሠሩ።

በጉምሩክ በር የሚቆም ሹም ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ጨርቅና ጦር መሣሪያ ሲገባ በየዕለቱ ያያል። ነጋድራስ ከዚህ የደረሱበት ሐሳብ ንግድ በእኩል ዕውቀት መካከል ካልሆነ እኩል ልውውጥ አይሆንም የሚል ነው፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የጥቂት ሰዓት ሥራ ይቀበላልና። የባቡሩ መምጣትም ብቻውን ልማት እንዳልሆነ፣ አገሪቱ ራሷ ካላመረተች ጥገኝነትን እንደሚያጠብቅ ተገነዘቡ። አርጀንቲናዊው ፕሬቢሽ ከዚህ ጋር የሚቀራረበውን ጽንሰ ሐሳብ ለዓለም ያቀረበው እሳቸው ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ነጋድራስ ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ አልጫኑም። ገበሬው ያመረተውን ወታደር የሚበላበትን ሥርዓት፣ ወሰን የሌለውን ግብር፣ የትምህርትን እጦትና የማያባራውን የርስ በርስ ጦርነት አጥብቀው ነቀፉ። ከሀብታም አገሮችም ቸርነትን አልጠበቁም፤ ዓይናቸውን የጣሉት በራሷ ጥረት በተነሣችው በጃፓን ላይ ነበር።

በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ታላቁ መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ነው፤ ደራሲው ታትሞ አላዩትም፤ የተመኙትም ማሻሻያ በጊዜው አልተፈጸመም።

ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች የቀረልን ዕዳ ግልጽ ነው። የእርዳታውን መቶኛ ስንቆጥር፣ አስቀድሞ የልውውጡን ሚዛንና የቤታችንን ሥርዓት መመርመር ይገባናል። ቡናችን ዛሬም ባብዛኛው ሳይቆላ ስለሚወጣ፣ የድሬዳዋው ሹም ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቃል።