የማይታየውን ለክቶ ያወቀ ወጣት፤ ሎሬንስ ብራግ

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። ነገር ግን በ22 ዓመቱ ያቦካው እስከ ዛሬ ድረስ ለዓለም ሊቃውንት ሁሉ የበቃ አንድ ወጣት ነበረ። ስሙም ዊልያም ሎሬንስ ብራግ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ብራግ በአውስትራልያ አገር በአደሌይድ ከተማ ማርች 31 ቀን 1890 ተወለደ። አባቱ ዊልያም ሄንሪ ብራግ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ከባለሦስት እግር ብስክሌት ላይ ወድቆ የግራ ክርኑ ተሰበረ። ራጅ የምንለው ጨረር በ1895 ተገኝቶ ገና አዲስ ነበርና፥ አባቱ በዚሁ ጨረር የልጃቸውን አጥንት ፎቶግራፍ አነሡ። ሥጋን ሳይቀዱ ውስጡን የሚያሳየው ይህ ጨረር ኋላ የብራግ የሕይወቱ ሥራ ሆነ።

በ15 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1909 ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በኬምብሪጅ ተማረ። በ1912 ማክስ ፎን ላውኤ የተባለው የጀርመን ሊቅና ጓደኞቹ ራጅን በክሪስታል ውስጥ ቢያሳልፉ፥ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ የተበታተኑ ነጠብጣቦች ታዩ። ከነጠብጣቦቹ ተነሥቶ የክሪስታሉን ውስጣዊ ቅርጽ የሚገልጽበትን ቀላል መንገድ ግን ገና ማንም አላገኘም ነበር።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በጉም ውስጥ የሚሄድ መንገደኛ ጮኾ የገደል ማሚቶ ቢሰማ፥ ገደሉን ሳያየው ርቀቱን ይገምታል። ድምፁን የሚመልሱለት ገደሎች ብዙ ቢሆኑና እያንዳንዱ ድምፅ የመጣበትን አቅጣጫና ጊዜ ቢመዘግብ፥ የሸለቆውን ቅርጽ በወረቀት ላይ ሊሥል ይችላል። ብራግም በኬምብሪጅ በወንዝ ዳር ሲመላለስ፥ በክሪስታል ውስጥ ያሉት አቶሞች በተደራረቡ ገጾች የተሰለፉ መሆናቸውን አሰበ። ከየገጹ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ይበረታሉ፤ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ብርቱው ጨረር የወጣበትን ማእዘን የለካ ሰው በገጾቹ መካከል ያለውን ርቀት ማስላት ይችላል።

አባቱ ግን ራጅ እንደ ጥይት የሚወረወር ቅንጣት ነው የሚለውን አሳብ ይደግፉ ነበር፤ የልጃቸው ግኝት ጨረሩ ሞገድ መሆኑን የሚያሳይ ሆነ። አባትየው ልጃቸውን አልተቃወሙም፤ ይልቁንም ጨረሩን በትክክል የሚለካ መሣሪያ ሠርተው አብረውት መሥራት ጀመሩ።

በ1913 ብራግ የጨውን ውስጣዊ ቅርጽ ገለጠ። በአገራችን አሞሌ እየተባለ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የኖረው፥ ዛሬም በሞርሲቶና በሆሳዕና ገበያ የምንገዛው ጨው፥ በውስጡ ሶዲየምና ክሎሪን እንደ ዳማ ሰሌዳ ቤቶች እየተፈራረቁ የተሰለፉበት ነው። እያንዳንዱም በ6 ጎረቤቶች የተከበበ እንጂ ከአንዱ ጋር ብቻ የተጣመረ አይደለም። ይህ አንዳንድ ሽማግሌ ሊቃውንትን አላስደሰተም፤ ኬሚስቱ ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 እንኳ በጽሑፍ ተቃውመውታል። ልኬቱ ግን የብራግን ቃል አጸና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብራግ በፈረንሳይ ግንባር የጠላትን መድፍ በድምፅ የመፈለግ ሥራ ተሰጠው። በልዩ ልዩ ቦታ በተተከሉ ማይክሮፎኖች ድምፁ የደረሰበትን የጊዜ ልዩነት እየለኩ የመድፉን ስፍራ በካርታ ላይ ያገኙ ነበር። በ1915 ወንድሙ ሮበርት በጋሊፖሊ ዘመቻ ሞተ፤ በዚያው ዓመት ብራግ ከአባቱ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዕድሜው 25 ነበር፤ በፊዚክስ ከእርሱ የሚያንስ ተሸላሚ እስከ ዛሬ የለም። ብዙ ሰዎች ግን ሥራው የታወቁት የአባቱ ይመስላቸው ስለ ነበረ በልቡ ያዝን ነበር።

ከ1919 ጀምሮ በማንቸስተር አስተማረ፤ በ1938 በኬምብሪጅ የካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ ኀላፊ ሆነ። በ1953 ዋትሰንና ክሪክ የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ያገኙት በዚሁ ቤት ሲሆን፥ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በለንደን ያስነሣቻቸው የራጅ ፎቶግራፎች ረድተዋቸዋል። ብራግ በመጨረሻ ዘመኑ በለንደን ለተማሪዎች በሙከራ የታጀበ ትምህርት ሲሰጥ ኖሮ ጁላይ 1 ቀን 1971 ዐረፈ።

ዛሬ ሐኪም በድምፅ ሞገድ በማሕፀን ያለውን ሕፃን ሲያይ፥ የመሬት መንቀጥቀጥ መርማሪም የምድርን ውስጥ ሲሥል፥ መንገዳቸው የብራግ መንገድ ዘመድ ነው። እኛም ተማሪዎች ከእርሱ የምንማረው፥ ወጣት ሆኖ አዲስ ነገር መናገር ነውር አለመሆኑን፥ ነገር ግን የተናገሩትን በልኬት ማስመስከር እንደሚገባ ነው። ታላላቆቻችንም ልጅ ያመጣውን ሳይለኩ እንዳይጥሉት፥ የብራግ አባት መልካም ምሳሌ ናቸው።