ኤርንስት ሩስካ፦ ብርሃን የማይደርስበትን ያሳዩ መሐንዲስ

ኤርንስት ሩስካ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1906 በጀርመን ሃይደልበርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዩሊዩስ ሩስካ የጃቢር ኢብን ሐይያንንና የአቡ በክር አል-ራዚን የዐረብኛ ድርሳናት የመረመሩ የሳይንስ ታሪክ ሊቅ ነበሩ፤ የአል-ራዚን የኬሚያ መጽሐፍም በ1937 በጀርመንኛ አሳትመዋል። አባት የጥንቱን ሐኪም ዕውቀት ሲፈትሹ፣ ልጅ ለመጪዎቹ ሐኪሞች አዲስ ዓይን አበጁ።

የብርሃን ማይክሮስኮፕ መስተዋቱ ምንም ያህል ቢጠራ፣ ከብርሃን ሞገድ እጅግ ያነሰን ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። ሩስካ ከማክስ ክኖል ጋር በ1931 በርሊን ውስጥ በብርሃን ፈንታ ኤሌክትሮንን፣ በመስተዋት ፈንታ የማግኔት ሽቦ ጥቅልን ተጠቀሙ። በ1933 የሠሩት ሁለተኛው መሣሪያ 12,000 ጊዜ በማጉላት የብርሃኑን በለጠ።

ሆኖም ብዙዎች የኤሌክትሮን ጨረር ናሙናውን ያቃጥላል ብለው ስለተጠራጠሩ ገንዘብ የሚሰጥ ጠፋ። ለሕክምና ያለውን ጥቅም አስቀድሞ የተረዳው ሐኪሙ ታናሽ ወንድማቸው ሄልሙት ነበር። የሄልሙት መምህር ሪቻርድ ዚቤክ በ1936 የሰጡት የድጋፍ አስተያየት መንገድ ከፈተ፤ በ1937 ሩስካ በዚመንስ ኩባንያ ሥራ ጀመሩ፤ በ1939ም መሣሪያው ለገበያ ቀረበ። ሄልሙትም በዚሁ መሣሪያ ቫይረሶችን በፎቶግራፍ አነሣ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ያዳበሩት ይህ ጥበብ ዛሬ የመድኃኒት ንጽሕና ዳኛ ሆኗል። በደም ሥር በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በቀጥታ ከደም ስለሚገባ፣ በብልቃጡ ውስጥ የተገኘች ጉድፍ ምንነቷ ሊታወቅ ይገባል። ጨረሩ ሲያርፍባት በውስጧ ያሉት አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች የየራሳቸውን ኤክስሬይ ያመነጫሉ። ብረት፣ ክሮሚየምና ኒኬል አብረው ከታዩ ጉድፏ ከማምረቻ ማሽን መፈረፈሯ ይጠረጠራል፤ ሲሊኮንና ኦክስጅን ከበዙ ብልቃጡ ራሱ እየተላጠ ሊሆን ይችላል። የጎማ ክዳን ወይም የጨርቅ ክር ከሆነች ግን ካርቦን ስለሚበዛባት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ምንጩ ሲታወቅ የቱ መሣሪያ እንደሚጠገን፣ የትኛውስ ምርት ከበሽተኛ እንደሚታገድ ይለያል።

ሩስካ የኖቤል ሽልማትን እኩሌታ የተቀበሉት ከ55 ዓመታት በኋላ፣ በ1986፣ በ79 ዓመታቸው ነው። ክኖል በ1969፣ ሄልሙት በ1973 ሞተው ስለነበር ያን ቀን አላዩም። ሩስካም በሜይ 1988 በርሊን ውስጥ አረፉ።

በቀደምት የሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲቡ የመድኃኒት ሻጮችን ሱቅ እየዞረ ማጭበርበርን ይቆጣጠር ነበር። የበሽተኛው አማና ዛሬም ያው ነው፤ ሩስካ ለጠባቂዎቹ የጠለቀ እይታ ትተው አልፈዋል።