ከስሜን ተራሮች እስከ ፀሐይ፦ የለኪው የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ

ስለ ሥርዓተ ፀሐይ ስንማርም ሆነ ስናስተምር የምንጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከስም ዝርዝር ነው። ሜርኩሪ፣ ቬኑስ፣ መሬት፣ ማርስ እያልን እስከ ኔፕቱን እንወርዳለን። ፀሐይ ከመሬት ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች እንላለን፤ ተማሪውም ይሸመድደዋል። ለመሆኑ ይህን ርቀት ማን ለካው? በምንስ ገመድ? መልሱን ለማግኘት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ወጣትነቱን በአገራችን ተራሮች ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ስሙ አንቷን ዳባዲ ይባላል። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ በደብሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ የተወለደ ሲሆን እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰና ትምህርቱን እዚያው ተከታተለ። በ1836 የመሬትን መግነጢሳዊ ኃይል እንዲያጠና የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ወደ ብራዚል ላከው። ልቡ ግን ከዚያ በፊት ወደ ኢትዮጵያ አዘንብሎ ነበር። በ1838 ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ወርዶ ጉዞውን ወደ ጎንደር ቀጠለ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ከአንዱ መስፍን ግዛት ወደ ሌላው ለመሻገር ፈቃድና ደጅ ጥናት ያስፈልጋል። መነጽር አቁሞ ተራራ ላይ ሲያነጣጥር የሚታይ ባዕድ ደግሞ መጠርጠሩ አይቀርም። አርኖ በጎጃሙ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ባለሟልነት አገኘ። አንቷን በበኩሉ የያዘው መሣሪያ ስላልበቃው ወደ አገሩ ተመልሶ ሌላ ይዞ መጣና እስከ 1848 ድረስ በሥራው ላይ ቆየ። አማርኛን አጠና፤ ኦሮምኛንም ተማረ። መንገድ የመሩት፣ የተራራውንና የወንዙን ስም የነገሩት፣ ቋንቋ ያስተማሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ያለ እነርሱ አንድ መስመር ካርታ ባልሠራ ነበር።

ታዲያ አሠራሩ እንዴት ነበር? በመጀመሪያ ያለበትን ቦታ ከሰማይ ያገኛል። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ምን ያህል ከፍታ እንዳላት በመሣሪያ ሲለካ ኬክሮሱን፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለውን ርቀት በዲግሪ ያውቃል። ኬንትሮስን ማወቅ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። በዚያ ዘመን ሬዲዮ የለም፤ የሩቅ አገር ሰዓት የሚገኘው ከሰማይ ነው። መንገደኛ የጨረቃን ጉዞ በከዋክብት መካከል ወይም የጁፒተር ጨረቃዎች በጥላ ውስጥ የሚገቡበትን ሰዓት ይከታተላል። እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ሥርዓተ ፀሐይ ለተጓዥ ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ዳባዲ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆምና በዙሪያው የሚታየውን እያንዳንዱን ተራራ በየትኛው አቅጣጫ፣ በስንት ዲግሪ እንዳየው ይመዘግባል። ያንኑ ተራራ ከሌላ ቦታ ሆኖ ደግሞ ያየዋል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ የተራራው ቦታ ነው። እግሩ ሳይረግጠው ርቀቱን አወቀ ማለት ነው። ከፍታውንም ውኃ በማፍላት ይገምታል፤ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃው ቶሎ ይፈላልና። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውኃ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በጭሮ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዚህ ዓይነት ስሜንን፣ ጎጃምን፣ የጊቤን አገር ለካ። በ1843 እናርያንና ከፋን አየ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ስሕተቱም ከዚያው ከጊቤ አገር ተነሣ። ዳባዲ የነጭ ዓባይ ምንጭ የጊቤ ወንዝ ነው ብሎ አመነ። በ1846 ከወንድሙ ጋር ምንጭ ነው ካሉት ቦታ ደርሰው የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉበት። ነገሩ ሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ የአገር ክብርና የመንግሥታት ፉክክርም ነበረበት። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ አጥብቆ ተቃወመውና ክርክሩ መረረ። ዳባዲ ግን ለብዙ ዓመታት ሐሳቡን አልለቀቀም። ዛሬ እንደምናውቀው ጊቤ ከኦሞ ጋር ሆኖ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዳባዲ የተሳሳተው በለካው ነገር አይደለም፤ ባልለካው ነው። ወንዙ ከእርሱ ዓይን ከተሰወረ በኋላ ወዴት እንደሚፈስ አላየም፤ በግምት ሞላው። ግምቱ ሲወድቅ የለካቸው ተራሮች ግን በቦታቸው ቀሩ። ፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ሮዶልፍ ራዶ የሚባል የሂሳብ አዋቂ ረድቶት ልኬቶቹ ሁሉ ተሰልተው ከ1860 እስከ 1873 ድረስ በመጽሐፍ ታተሙ። የአገራችንን ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ከዚያ ወዲያ ብዙ ተጠቅመውበታል።

የሰማዩን ነገርም አልተወም። በ1851 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ወደ ኖርዌይ፣ በ1860 ደግሞ ለሌላ ግርዶሽ ወደ እስፓኝ ሄደ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚው አባል ሆነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሃይቲ ደሴት መሄዱ ነው። የሄደው ቬኑስ፣ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ፕላኔት፣ በፀሐይ ፊት እንደ ጥቁር ነጥብ ስታልፍ ለማየት ነው። ሌሎች የፈረንሳይ ቡድኖችም ለዚሁ ጉዳይ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ቺሊና ወደ ሌሎች አገሮች ተልከው ነበር።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ነገሩ የተራራው ሥራ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑ ብቻ ተለጠጠ። በዓለም ላይ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች ቬኑስን በአንድ ጊዜ ቢያዩ፣ በፀሐይ ፊት የምታልፍበት መስመር ለአንዱ ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ብሎ ይታያል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል። ቬኑስ ከፀሐይ ያላት ርቀት የመሬትን ርቀት 72 በመቶ ያህል እንደሆነም ከኬፕለር ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የመስመሮቹ ልዩነት በትክክል ከተለካ የፀሐይ ርቀት በስሌት ይወጣል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ የቬኑስ ጠርዝ ከፀሐይ ጠርዝ ጋር የተጣበቀ ስለሚመስል ትክክለኛዋን ቅጽበት መያዝ ያስቸግራል። በ1961 የሬዲዮ ሞገድ ወደ ቬኑስ ተልኮ ሲመለስ ርቀቱ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑ በእርግጥ ታወቀ። ቬኑስ በ2004 እና በ2012 እንዲሁ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከአገራችንም ታይታለች፤ የሚቀጥለው በ2117 ነው።

ዳባዲ በእስፓኝ ጠረፍ አጠገብ፣ በአንዳይ ከተማ፣ በባሕር ዳር ትልቅ ቤት አሠርቶ ነበር። በግድግዳው ላይ የአማርኛ ጽሑፍና የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉበት። ከዋክብት መመልከቻም አለው። ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚጎብጥ ለማጥናት የቤቱን ግድግዳዎች አስበስቶ በቀዳዳው ላሩን የሚባለውን ሩቅ ተራራ ለማየት ሞከረ። ሙከራው ከሸፈ። እርሱም ቀዳዳውን ደፍኖ ነገሩን አልሸሸገም፤ ምንም እንዳልታየና ምንም እንዳልተማረ በባስክ ቋንቋ ከቀዳዳው በላይ አስጻፈ። በጊቤ ጉዳይ እልኸኛ የነበረው ሰው እዚህ ላይ የሳይንስ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ከአገራችን ይዞ የሄደው ልኬት ብቻ አይደለም። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ወስዷል፤ ዛሬም በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። መጻሕፍቱ ከጥፋት ተረፉ የሚል አለ፤ የእኛን ቅርስ ለማንበብ ፓሪስ ድረስ መሄድ አለብን ወይ የሚልም አለ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ። ልጅ አልነበረውም። ቤቱንና ርስቱን በ1896 ለአካዳሚው ሲሰጥ ግዴታ አስገባ፦ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ ተሠርቶ እንዲያልቅ። በሚቀጥለው ዓመት በ1897 በፓሪስ ሞተ። የከዋክብት መመልከቻው ሥራ ግን እስከ 1975 ድረስ ቀጥሏል።

እኛስ ከዚህ ሰው ምን እንውሰድ? ባንዲራውን አይደለም፤ እልሁንም አይደለም። የለኩትንና የገመቱትን ለይቶ ማወቅን ነው። ለዚህ ደግሞ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጭሮ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ከሚኤሶና ከሒርና እስከ በደሳና ገለምሶ ያሉት ከተሞችም ከዚሁ ብዙ አይርቁም። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ ሜዳ ላይ ትከሉ። መስከረም 13 ወይም መጋቢት 11 ገደማ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ ሰሜን 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰኔ 14 ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ታኅሣሥ 12 ወደ ሰሜን 64 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ግን ፀሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም ጥላው ይጠፋል። የነሐሴው ደመና ስለሚያስቸግር ሚያዝያ ይሻላል።

በዚያን ቀን ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ጥላው የሚጠፋው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው። የአገሪቱ ሰዓት የተቆረጠው ከጭሮ በስተ ምሥራቅ ባለ በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነውና። ተማሪዎች ፀሐይዋን በባዶ ዓይን እንዳያዩ አስጠንቅቁ፤ የሚያስፈልገው ጥላው ነው። የሦስት ቀን ልኬት በደብተራቸው የጻፉ ልጆች የስም ዝርዝር ከሸመደዱት ይልቅ ሥርዓተ ፀሐይን ያውቃሉ። መጀመሪያ ግን መምህሩ ራሱ ለክቶ ይሂድ፤ እንጨትና ሜትር ከማንኛችንም ቤት አይጠፋም።