ሳሙኤል ጆንሰንና ያላያት ኢትዮጵያ

ከመካከላችን ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚሞክር ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ሰው በእግሩ ያልረገጠውን አገር በብዕሩ ሊረግጠው ይገባዋልን? የሚል ነው። አንዳንዶቻችን በፍጹም አይገባም እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ ለንደንንና ፓሪስን ከመጻሕፍት ቃርመን እንጽፋለን። ለዚህ ክርክር የአንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ሕይወት ይጠቅማል ብለን አሰብን። ሳያየው የጻፈበት አገር የእኛው ኢትዮጵያ ነውና ነገሩ በቀጥታ ይነካናል።

ሳሙኤል ጆንሰን ሊችፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በ1709 ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ መጻሕፍት ነጋዴ ነበር፤ ሀብት ግን አልነበረውም። ልጁ በሕፃንነቱ በያዘው በሽታ አንድ ዐይኑና አንድ ጆሮው ደከሙ። ቢሆንም በአባቱ ሱቅ ያገኘውን ሁሉ እያነበበ አደገ። በ1728 ኦክስፎርድ ገባ፤ ነገር ግን ዓመት ከጥቂት ወር እንደ ቆየ ገንዘብ አልቆበት ያለ ዲግሪ ወጣ። እዚያ ሳለ ጫማው ተቀዶ እግሩ ሲታይ ያዘነለት ሰው አዲስ ጫማ በበሩ ቢያስቀምጥለት፣ በቁጣ አንሥቶ እንደ ወረወረው ይነገራል።

ኢትዮጵያን ያወቃት በዚያ በችግሩ ዘመን ነው። ጀሮኒሞ ሎቦ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ፣ በ1625፣ አገራችን ገብቶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጦ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ሲያባርሩ እሱም ወጣ። የጉዞው ታሪክ በፈረንሳይኛ ታትሞ ስለ ነበር፣ ጆንሰን ከፈረንሳይኛው ወደ እንግሊዝኛ እያሳጠረ መለሰው። ትካዜ ይዞት ስለ ነበር አልጋው ላይ ተጋድሞ በቃሉ ሲናገር፣ ወዳጁ ኤድመንድ ሄክተር ይጽፍለት ነበር። መጽሐፉ በ1735 ወጣ፤ የድካሙም ዋጋ ጊኒ የሚባል አምስት የወርቅ ገንዘብ ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም። በመቅድሙ ሎቦን ያየውን ሳያጋንን ስለ ጻፈ አመሰገነው። ሰው በየትም አገር በጎና ክፉ የተቀላቀለበት መሆኑን ገለጠ፤ ሃይማኖትን በሰይፍ የሚሰብኩትንም ነቀፈ።

በ1737 ለንደን ገብቶ በብዕሩ ይኖር ጀመር። በ1755 ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ያሉበትን ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። ዝና አገኘ፤ ከዕዳ ግን አልዳነም። በዓመቱ ስድስት ፓውንድ እንኳ ለማይሞላ ዕዳ ተይዞ፣ የሥራ ጓደኛው ከፍሎ አስፈታው።

በጥር 1759 ለብዙ ዓመት ያላያት አሮጊት እናቱ በሊችፊልድ ታመመች። የሚልክላት ገንዘብ ሲያጣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። እሷ ሞተች፤ በቀብሯ ላይም አልደረሰም። ከመጽሐፉ ያገኘው 100 ፓውንድ፣ ኋላም ለሁለተኛው እትም 25 ፓውንድ፣ ለቀብሯና ለዕዳዋ ሆነ። ይህ መጽሐፍ ራሴላስ ነው።

ራሴላስ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ነው። ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ተዘግቶ ሲኖር ይሰለቸውና፣ ከእኅቱ ከንካያና ከባለቅኔው ከኢምላክ ጋር ሾልኮ ካይሮ ይወርዳል። ደስተኛ ሰው ፍለጋ ባለጸጋውን፣ ፈላስፋውን፣ መናኙን ቢጠይቅ የተሟላ ደስታ ያለው አንድም አላገኘም። በመጨረሻ ወደ አገራቸው ለመመለስ ያስባሉ።

አገሩን የምናውቅ እኛ ስናነበው ስሕተቱ ብዙ ነው። በጥንት ዘመን መሳፍንቱ ይጋዙበት የነበረው ግሸን አምባ ነፋስ የሚመታው ተራራ እንጂ የተድላ ሸለቆ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ጾም የለ፣ ደብር የለ፣ ደብተራ የለ። ንካያ የምትባል እኅትም ከመካከላችን አናውቅም። የራሴላስ ስም የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ። ባለቅኔውን ኢምላክን ጎጃም ተወለደ ማለቱ ግን፣ ቅኔን ለሚያውቅ ሰው፣ በጨለማ የተወረወረ ድንጋይ ዒላማውን እንደ መታ ነው!

ታዲያ ጆንሰን በድሎናልን? እኛ አልበደለንም እንላለን። አንደኛ፣ አይቻለሁ ብሎ አልዋሸም። ሁለተኛ፣ ከመጻፉ በፊት ያየውን ሰው ቃል ደክሞ መረመረ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ለኢትዮጵያውያኑ ከራሱ ልብ ያነሰ ልብ አልሰጣቸውም፤ እናቱ በሞት አፋፍ ሳለች ያስጨነቀውን ጥያቄ በእነርሱ አፍ አስጠየቀ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይም መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱት እንግዳ ሆኖ ስላላገኙት ይመስለናል።

ሆኖም እሱም ድካም ነበረበት። ጎንደር ተቀምጦ የተመለሰውን ጀምስ ብሩስን በ1775 ካገኘው በኋላ፣ ሰውየው በእርግጥ ኢትዮጵያ መድረሱን እስከ መጠራጠር ደርሶ እንደ ነበረ ይነገራል። ሳያይ የጻፈው ያየውን ተጠራጠረ! ራሱ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከፈረንሳይ አልፎ ሳይሄድ በታኅሣሥ 1784 ሞተ፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ።

ከዚህ የምንማረው ለሩቅ አገር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ልጆች፣ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ያየነውን ገበሬ በድርሰታችን እናናግረዋለን። እርሻውን ሳንጠይቅ፣ ልቡንም ከእኛ ልብ አሳንሰን። በዚህ ሚዛን ቢመዝኑን፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የጻፈው ጆንሰን ከእኛ ይልቅ ለሰዎቹ ቀርቦ ይገኛል። የተለየ አሳብ ያለው ወንድም ወይም እኅት በሚቀጥለው እትም ይመልስልን።