ውድድር ሳያይ ያደገው የጃቶ ልጅ

ጂንካን የሚያውቅ ሰው መሃል ከተማው ላይ የነበረውን የሳር አውሮፕላን ማረፊያ አይረሳውም። አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ደግሞ በባዶ እግራቸው ኳስ ያሳድዱበት ነበር። ከከተማው ወጣ ሲባል ሐመር ዘንድ ጎረምሳው ለአካለ መጠን መድረሱን የሚያስመሰክረው በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ በመሮጥ ነው። ከወደቀ መሳቂያ ይሆናል። ሩጫ በደቡብ ኦሞ አለ ማለት ነው፤ የሌለው ሰዓት የሚይዝና ስም የሚመዘግብ ሰው ነው። ታዲያ እዚያ ያለ ፈጣን ልጅ ውድድር ሳያገኝ ካደገ አለቀለት ማለት ነው? የሻምበል አበበ ቢቂላን ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ለመደምደም ይቸገራል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። የሚገርመው በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። ጃቶ ግን ይህን ማን ነግሯት! ልጁ ገና 3 ዓመቱ ላይ ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፣ ቤተሰቡም ቀዬውን ለቆ ተሰደደ። ከተመለሱ በኋላ አበበ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ። ገና ለኳስ አፍቃሪው የኳስ አጎት በሉት፤ ሩሩን በዱላ እየመቱ ጎል ለማግባት አንዳንዴ ሜዳ ሙሉ አይደለም፣ አገር ሙሉ ነው የሚሮጠው። አሰልጣኝ የለ፣ ሜዳሊያ የለ። አበበ በልጅነቱ ያገኘው ልምምድ ይኸው ነው።

በ20 ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እውነተኛ የሩጫ ውድድር ያየው ወታደር ከሆነ በኋላ ነው። ዛሬ በ17 ዓመት የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ላይ የሚሮጡ ልጆች አሉን፤ እሱ በዚያ ዕድሜው የሩጫ ውድድር የሚባል ነገር አያውቅም። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ግን አይቶ አልለቀቀውም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም። በእኛ አቆጣጠር የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑ ነው። እዚያ የተገዛው ጫማ እግሩን ስላቆሰለው አበበ በባዶ እግሩ ቆመ። ተጠንቀቅ የተባለው 26 ቁጥር ለባሹን ሞሮኳዊ ራዲ ቤን አብደሰላምን ነው። ራዲ ግን 185 ለብሶ ገባ። አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊት እየፈለገ ይሮጣል! ጨለማው ወርዶ መንገዱ በችቦ ደምቋል። ሊጨርሱ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ሲቀራቸው ጣሊያኖች ዘርፈው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ጋ ደረሱ። አበበ እዚያ ላይ ነው ጥሎት የሄደው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ፈጣን ሰዓት። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለ። የወራሪው ዋና ከተማ ላይ፣ ያውም በባዶ እግር። ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አበበ ይህን ሳያይ አልፏል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ነበር የሆነው። ይህን ጊዜ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ደገመው። ሁለተኛው እስኪመጣ ከ4 ደቂቃ በላይ ስለነበረው ሳሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ማንም ከዚያ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ አሸንፎ አያውቅም። ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላገኘ የጃፓንን ነበር የመታው። ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች። ከዚያ ወዲያ አበበ በእግሩ አልሄደም። እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የቀስትና የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ገባ። ኖርዌይ ሄዶም በረዶ ላይ በተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ልብ በሉ፣ በረዶ የሌለበት አገር ልጅ ነው! የሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ የክብር እንግዳ ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር አዲስ አበባ ግልብጥ ብላ ወጥታ ነበር፤ ንጉሡም ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ።

ወደ ጂንካ ስንመለስ፣ ልዩነት የለም ማለት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ጂንካ 1,500 አካባቢ ናት፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ደግሞ ከ500 በታች ይወርዳል። ሯጮቻችን በብዛት ከበቆጂና ከመሰል ደጋዎች የመጡት በከንቱ አይደለም። ቢሆንም አበበን ያገኘው ከፍታው ብቻ ሳይሆን ክብር ዘበኛና ኒስካነን ጭምር ናቸው። ጃቶ ቢቀር ኖሮ እስከ እርጅናው ገና ሲጫወት በኖረ። የደቡብ ኦሞው ልጅ በ20 ዓመቱ ማን ነው የሚያገኘው? ፌዴሬሽኑ ሊመልሰው የሚገባው ይህን ነው።